ሃያ አምስት ባይሳ

ዓርብ ጠዋት፣ ኒዝዋ፤ የፍየል ገበያው ገና ሳይለቅቅ፣
ኻልፋን ገባ ከሱቅ፣
አሮጌ ጠመንጃ በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ሲጠነቅቅ።

“ባለፈው ዓርብ ነው የገዛሁት፣ ከዚሁ ገበያ፤
ሻጩ ጢሙን ይዞ ‘አይስትም’ ብሎ ማለ፤
ጢም ምን ይሠራል፣ ከተጣመመ ማነጣጠሪያ!
መሐሉን ስለው በስተግራ ያርፋል፣ አንድ ስንዝር ሙሉ፤
የዒድ ውድድር ደርሷል፣ የእህቴ ልጆች ጥርስ ገልጠው ያያሉ።”

የአገሩ ሚዳቋ በሕግ ጥላ ሥር ናት፣ ማንም አይነካት፤
ለአዳኝ የቀረው የእንጨት ሰሌዳ ነው፣ ቢመቱት የማይሞት።

የሞጣ ሰው ነኝ፤ አባቴ ለጎረቤት ምንሽር ሲያድስ፣
መዶሻ አቀብል ነበር፤ እንዲህ ይለኝ ነበር፦
“ብረት አይዋሽም፤ ሰው ግን በብረት ላይ ይዋሻል፤ ዳብስ።”

ዳበስኩ።
ብሎኑን ፈተሽኩ ከሰደፉ ሥር፤
ከሻጩ መሐላ ይልቅ ጥብቅ ነበር።
ቃታውን መዝዤ በጉሮሮው አሾለቅኩ ወደ ሰማይ፤
ያረጀ፣ ግን ቀጥ ያለ፤ ዝገት የለም ከከንፈሩ ላይ።

ኋላ ነው የፊቷን ጉብታ ያየሁ።
ፋብሪካው እንዲገጥሙ ያሰመራቸው ሁለት ጭረቶች፣
አንዱ ከአፈሙዙ፣ አንዱ ከእርሷ እግር፣
ተለያይተዋል፤ ወደ ቀኝ ሸሽታለች፣ ሁለት ፀጉር።
አጠገቧ የመዶሻ ጠባሳ፣
የጥድፊያ፤ የናስ ያልሆነ፤ እጁ የማይሳሳ።

ሰደፉን ገለበጥኩት።
ቀለሙ የተላጠው በቀኝ ጎኑ ነው፣ የጉንጭ ወዝ የበላው፤
ግራኝ ነበር እንግዲህ፣ ከኻልፋን በፊት የያዘው።
ምላጭ ሲስብ ጣቱ ይደነግጣል፣ ጥይቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤
ጣቱን ማረም ቢያቅተው ጉብታዋን አባረራት፤
እርሱ ሞተ ይሁን፣ ሸጠ ይሁን፤
ድንጋጤው ግን እዚህ ብረት ላይ ተቀምጣ ገዢ ትጠብቃለች።

“የኋላውን ግፋ ወደምትሻው፤
የፊቱን ግን፣ ልጄ፣ ወደሳተበት ግፋው።”
ወደ ግራ ነው እንግዲህ፣ ወደ ስህተቱ።
በናስ መምቻ፣ ቀስ፤ ጠክ። ጠክ። ጭረት ለጭረት እስኪገጥሙ።

ከሰዓት በኋላ በደረቁ ወንዝ፣ በሃምሳ እርምጃ፣
በደረቴ ተኝቼ ሦስት ተኮስኩ፤
ሦስቱንም ቀዳዳ በአንድ መዳፍ ሸፈንኩ፣ ከመሐሉ።
ኻልፋን ሳቀ፤ ተኛ፤ ተኮሰ።
ግራ።
ደግሞ ግራ፣ ዝቅ ብሎ፣ አራት ጣት።

ጥይቱን አወጣሁ፣ ባዶነቱን ሁለቴ አየሁ፤
ከኪሴ ሃያ አምስት ባይሳ አውጥቼ አፈሙዙ ላይ አስተኛሁ።
“አሁን ሳብ።”
ሳበ። ቀጭ አለ ምላጩ፤ ሳንቲሟ ከጠጠሩ ወደቀች።
“ድገም።” ደገመ። ወደቀች።
አንዲት ፒክአፕ አቧራዋን ይዛ እስክታልፍ ዝም አልን።

“ሰባ ዓመቴ ነው፣ ደምለው፤ የሰባ ዓመት ጣት የት ትምህርት ቤት ይግባ?
ያ ግራኝ እንዳደረገው አድርግልኝ፤ ጉብታዋን ገፋ፤ ትቅረብ፣ ትጠጋ።”

መዶሻው በእጄ ነበር።
“ከአንተ በኋላም ይሸጣል” አልኩት፣ ጮክ ብዬ ሳይሆን።
ፊቱ ጠቆረ፤ ፎጣውን ጠቀለለ፤
ሒሳቤን እስከ መጨረሻዋ ከፈለ፣
ሳንቲሟን ከጠጠሩ አንሥቶ ወሰዳት፤ አልሰጠኝም፣
ደግሞም አልወረወራትም።

ማታ ሱቅ ዘግቼ፣ ሰው በሌለበት፣
ከግድግዳው አንድ ባዶ አወረድኩ፤
ሌላ ሃያ አምስት ባይሳ ፈልጌ አፈሙዙ ላይ ጫንኩ፤
ትንፋሼን ይዤ ሳብኩ።

ከየትኛው ጠረጴዛ ሥር እንደ ገባች
እስካሁን እየፈለግኩ ነው፣ በባትሪ።