ውሃ ልክ

አግሪጀንቶ፣ በነሐሴ፤ ውሃው በፈረቃ፣
በአሥራ ሁለት ቀን አንዴ፣ ያውም ሰው ሳይነቃ።
ጣሪያው ሁሉ በርሜል፣ ሰማያዊ ሆዱ፣
ቦቴ ሲያቃስት ይሰማል ሽቅብ በመንገዱ።

ሲኞራ ክሮቺፊሳ ደወለችልኝ ማታ፦
«ሽንት ቤቴ ያለቅሳል፣ አላስተኛኝ ላንዳፍታ፤
ከፋሲካ ወዲህ ነው፣ ሌት ሌት ነው የሚብሰው፣
ቶሎ ና፣ ሰው ነው እንዴ ይኼን ያህል የሚያለቅሰው?»

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጋላጃንቴ አዝዬ፣
ባለ ሁለት አዝራር አዲስ ዕቃ አክዬ፣
ወጣሁት መቶ ሠላሳ የድንጋይ ደረጃ፣
ለአንዲት አሮጊት ብዬ፣ ለአንድ መጸዳጃ።

ዕቃዬን ስዘረዝር በየስሙ ጠርቼ፣
«ጣልያንኛህ ይገርማል!» አለችኝ። ዝም አልኩኝ ሰምቼ።
አማርኛ ነው ብዬ ነበር ሃያ ዓመት ሙሉ፣
አለቃዬ ይመር ኮምቦልቻ በጥፊ ያስጠናኝ ቃሉ።

ክዳኑን አነሳሁ።
ከጋኑ ጥግ አንድ ጠርሙስ ቆሟል፣
አሸዋ ጠጥቶ፣ አረንጓዴ አልጌ ለብሶ፣
አንገቱ በሰም ታሽጎ።
ወርቁን ገና አላወቅሁም።

«እሱማ ጀርላንዶ ነው» አለች። ባሏን ነው።
«በዚያ በክፉው ድርቅ ከተተው፤ ይኸው ሃያ አራት ዓመቱ።
አንድ ሊትር ቦታ ይይዛል፤ ጋኑ ይታለላል፣
አንድ ሊትር እየጎደለው ሞላሁ ይላል ሞኙ።
ስስታም ነበር፣ ነፍሱን ይማርና፤
በሠርጋችን ቀን እንኳ ለውዙን ቆጥሮ ነው ያደለው፣
ለእናቴ አምስት፣ ለአጎቱ አራት።
ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።
ቁጠባውን ግን አላቆመም።»

የኔ ዕቃ ወፍራም ነው፤ ሁለቱ ባንድ ጋን አይኖሩም።
አስረዳኋት፦ «አሮጌው ዳኛ ጉዳይ አይለይም፣
ለትንሹም ለትልቁም ዘጠኝ ሊትር ይፈርዳል፤
ጀርላንዶ ይግባኝ ብሎ ስምንት አደረገው።
አዲሱ ግን ይጠይቃል፦
ትንሹ አዝራር ሦስት፣ ትልቁ ስድስት።»
«ጠርሙሱስ?»
«መውጣት አለበት።»

ከማድቤት ወንበር ጎትታ በሩ ላይ ተቀመጠች።
«እንግዲያው አስላልኝ፤ ስንት አተረፈ ሰውዬው?»

በእርሳስ በነጩ ሸክላ ላይ ጻፍኩ፦
በቀን ሰባት ጊዜ፣ በዓመት፣ በሃያ አራት ዓመት፣
ስልሳ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ሊትር።
«ስድስት ቦቴ፣ ሲኞራ።»
«ስድስት!» ጉልበቷን መታች።
«ስድስት ቦቴ፣ ያ ቋጣሪ!»

የታችኛውን ጎማ ግን አይቼዋለሁ።
ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል፣ እንደ አሮጌ ምላስ ተጣሟል፤
ከፋሲካ ጀምሮ በስንጥቁ ሲወርድ የከረመው
በቀን አራት መቶ፣ በወር አሥራ ሁለት ሺህ ...
የሰውዬውን ስድስት ቦቴ
የሁለት ዩሮ ጎማ በአምስት ወር ጠጥቶታል።
ይኼኛውን ሸክላው ላይ አልጻፍኩም።
ሁለት አዝራር አለ፤
እውነቱን በትንሹ ለቀቅሁላት።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።
አዲሱን ጎማ አጠበቅሁ፣ ውሃ ልኬን ጋኑ ላይ አስተኛሁ፣
አረፋዋ ወዲያ ወዲህ ብላ መሃል ላይ ቆመች።
ሲኞራ በአውራ ጣቷ ትንሹን ተጫነች፤
አጭር ድምፅ፣ እንደ ድመት ማስነጠስ።
ጆሮዋን አስጠጋች። ልቅሶው የለም።
«አለቀ?»
«አለቀ።»
ጠርሙሱን በሽርጧ ጫፍ ጠርጋ
መስኮቱ ላይ አቆመችው፣ ባሕሩ በሚታይበት በኩል።

ሂሳቤን ሳንቲም በሳንቲም መዳፌ ላይ ቆጠረች፣
ጣቶቼን ራሷ አጥፋ ጨበጥ አድርጋ ዘጋች።
መቶ ሠላሳውን ወርጄ ብቆጥር፣ አንድ ዩሮ ጎድሏል፤
ኪሴም እንደ ጋኑ፣ ሞላሁ ብሎ ተታሏል።