ስኳሩ በትኩሱ

ግንቦት ነው ኮምቦልቻ፤ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣
ቦርከና ከድልድዩ ሥር፥ ድንጋይ ታቅፎ ተኝቷል።
ከስፌት ፈረቃ ወጣሁ፥ ጣቴን ክር ገዝግዞኝ፣
ገባሁ ወደ ካፌው፥ ጥማቱ አስገድዶኝ።

ኑርዬ አይስ ኮፊ አመጣ፥ በረጅም ብርጭቆ፣
ወተቱ ጢስ መስሎ፥ ከቡናው ውስጥ ጠልቆ።
ጠጣሁ በሦስት ትንፋሽ፤ ሒሳቡ ሲመጣ፣
የሃያ ሸሚዝ ኮሌታ፥ ከእጄ ላይ ወጣ።

"ቤትሽ ብትሠሪው" አለኝ፥ "አንድ ነገር አለ፤
ስኳሩን በትኩሱ ነው፤ ኋላ አይሟሟም" አለ።
"በረዶው ቀልጦ ደግሞ፥ ቡናውን ያቀጥናል፤
በረዶውን ራሱን፥ ከቡና መሥራት ይሻላል።"

ፍሪጅ የለኝም እኔ፤ ጎረቤቴ ቶይባ አላት፣
ከነጩኸቱ ጭምር፥ ከጅቡቲ የመጣላት።
ሥጋዋን አደረገችው፥ ወደ ጥጉ ጠጋ፣
ቡናውን በፌስታል ቋጥሬ፥ ጠበቅሁት እስኪረጋ።

የመጀመሪያው ቀን፥ መብራት ሄደ ማታ፤
ቡናዬ ሥጋ ሥጋ አለ፥ ፌስታሉን ስፈታ።
በሁለተኛው ቀን፥ ስኳሩን ረሳሁ፤
በብርዱ ላይ ጨመርኩና፥ ሙሉ ሰዓት አማሰልሁ።
እንደ ቦርከና አሸዋ፥ ከታች ተደብቆ፣
አፌ ሳይደርስ ቀረ፥ ጣፋጩ ከሥር ወድቆ።

በሦስተኛው ዱቄት አበዛሁ፥ እሳቱን አሳነስኩ፣
ገና እንፋሎቱ ሳይሸሽ፥ ስኳሩን ነሰነስኩ።
ግማሹ ለብርጭቆ፥ ግማሹ ለበረዶ፣
አደረ ቶይባ ፍሪጅ ውስጥ፥ ከሥጋዋ ጋር ተላምዶ።

በነጋታው ነበር፥ አባቴ የመጣው፣
ከነጃኬቱ ሐረጎ፥ አንከባሎ ያወረደው፤
ሦስት ዓመት ሳንነጋገር፥ ከሰርጌ ቀን ኋላ፣
ቆመ ከደጃፌ፥ ይዞ ሁለት ኪሎ ባቄላ።

"ግባ" አልኩት። ገባ። ላቡን በመሐረብ
እየጠረገ ተቀመጠ፥ እንደ እንግዳ፥ ከበሩ አጠገብ።
ቡና ነው ልማዱ፤ ትኩሱን ይጠብቃል፤
የኔ ግን ከቶይባ ቤት፥ ጥቁር ጡብ ሆኖ ወጥቷል።
በዘነዘና ቀጠቀጥኩት፥ በፎጣ ጠቅልዬ፣
ወተት አፍስሼ ሰጠሁት፥ "ቅመሰው አባዬ" ብዬ።

"ቀዝቃዛ ቡና?" አለ። ቅንድቡ ተሰቀለ።
ብርጭቆውን ከጠረጴዛው፥ ትንሽ ፈንጠር አደረገ፤ አየው፤ ዝም አለ።
"ደሴ የቀዘቀዘ ቡና፥ የተጣሉ ሰዎች ነው፤
አንዱ ሳይጨርስ ተነሥቶ፥ ስኒው ላይ የተወው።"

"ለሹፌር አልድርም" ያለ ቀን፥ የተነሣው እሱ አልነበር ወይ?
ስኒውን ያጠብኩት እኔ፥ አተላው ደርቆበት ላይ።
ይህን አላልኩትም።

ቀመሰ። ጥርሱ ደነገጠ። ቆየና ደገመ።
በረዶውን እንደ ቆሎ፥ በቀሩት መንጋጋዎቹ ቆረጠመ።
"በረዶውም ቡና ነው! ስኳሩስ? አይታይ ከታችም።"
"በትኩሱ ነው" አልኩት፤ "ከበረደ አይሟሟም።"

"በትኩሱ" አለ ደግሞ፥ ብርጭቆውን አዙሮ፣
"በትኩሱ... እኛማ..." ብሎ፥ አቆመ ጀምሮ።
የቶይባ ፍሪጅ ከአጥር ማዶ፥ እያጓራ ሞላው ዝምታውን።
ባቄላውን መፈልፈል ጀመርኩ፤ እሱም ሳብ አደረገ ሳፋውን።

ጃኬቱን ደርቦ ሊሄድ ሲል፥ ባዶ ፌስታሉን አነሣ፤
"ለእናትሽ ቋጥሪበት" አለኝ፥ "አሁኑኑ፥ እንዳልረሳ።"
"በጦሳ ብርድ ማን ሊጠጣው?" ሣቅሁ፤ "ደግሞስ ይቀልጣል፤
ሐረጎን ገና ሳትወጣ፥ ጭንህ ላይ ይፈሳል።"

"ይቅለጥ" አለ ከደጃፉ፥ ጉልበቱን እያሸ፤
"ቢቀልጥም ያው ቡና ነው። ቋጥሪው በይ፤ መሸ።"