እንየው የጀልባ ሞተር ጥገና

ሽምብጥ ላይ ጠይቁ፤ ባጃጅ ነጂው ያውቃል፣
ቀረሶ ሻጯ ታውቃለች፣ ሕፃኑም በጣቱ ይጠቁማል፦
«ያ ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር፣
ሞተር እንደ ቅርጫ በሬ የተዘረጋበት በር።»
አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ሰው ነው እንየው፤
ስልኬ ብቻ፣ ይሄ የእጄ ስልክ፣ እስከ ዛሬ አላየው።

ካርታው ላይ ሌላ ነገር አለ።
አንድ አላፊ፣ ማን እንደሆነ እንጃ፣ ነጥብ ጥሎለት ሄዷል፤
ነጥቡ ግን ዳር አልቆመም፣ ሦስት መቶ ሜትር ውሃ ገብቷል።
ስሙን «የጀልባ ቦታ» ይላል፤ ስልክ የለው፣ ሰዓት የለው፣
ከሥሩ አንዱ ጽፎበታል፦ «ሄጄ ነበር። ውሃ ነው።»

በሌላ በኩል ድረ ገጽ አለው፣ ያማረ፣
የወንድሙ ልጅ ማስረሻ አንድ ክረምት ተቀምጦ የሠራው፣ ትንሽ የቀረ፦
ዋጋው አለ፣ ስልኩ አለ፣ «ከእሑድ በቀር» ይላል፣
እንየውም በዘይት እጁ ጥርሱን ከፍቶ ይስቃል።
ገጹ ነጥቡን አያውቀው፣ ነጥቡም ገጹን አያውቅ፤
አንዱ መንገድ የሌለው ቤት፣ አንዱ ቤት የሚናፍቅ መንገድ፣ ሲጠባበቅ።
ማስረሻም እንደ ስሙ ሆነ፤ ሐዋሳ ሥራ ገባና
ይለፍ ቃሉን ረሳው፤ ስንደውል «ቆይ ላስበው» ይላል ገና።

ሐሙስ ከሰዓት መጣ፣ ፋሲሎ፣ ከእኔ ሱቅ፤
«ወንበርሽ ይቆሽሻል» ብሎ ቆመ፣ እንደ እንግዳ ሲጠነቀቅ።
የቤቱ ባለቤት መሆኑን ሊያጣራ ማሽን ደወለለት፤
«የማረጋገጫ ኮድዎ...» ስትል ድምጿ፣ ዘጋባት።
«አላውቃትም» አለኝ፣ «የማንን ቁጥር ነው የምትነግረኝ?
ባለፈው እንዲህ ብላ ነው አንዷ ሦስት ሺህ ብር የወሰደችብኝ።»
ሁለተኛ ደወለች፣ ዘጋ። በሦስተኛው እኔ ላነሣ
ተሽቀዳደምኩ፤ ስድስት አኃዝ መዳፌ ላይ ጻፍኩ፣ እንደ ማስረሻ እንዳልረሳ።

ከዚያ ቀላሉ።
«ድረ ገጽ» የሚል ባዶ ሣጥን፣ እህል እንደሚጠብቅ አፍ፤
አድራሻውን ገልብጬ ለጠፍኩ፤ ተጫንኩ። አልጮኸ፣ አልበራ፣ አልተከፈተ ደጃፍ።
«በቃ?» አለኝ። «በቃ» አልኩት።
ክሩ የመርፌው ዓይን ገባ፤ ሌላው ስፌት ነው።

የቀረን ነጥቡን ከውሃ ጎትቶ ማውጣት ነበር።
በጣቴ ይዤው ሳለሁ «ቆዪ!» አለ፤ እጄን ሊይዝ
ትንሽ ቀረው፤ ዘይቱን አስታወሰና ተወው።
«እዚያው ብትተዪውስ?»
«ውሃ ላይ?»
«አዎ፣ ውሃ ላይ።
ሞተር መሬት ላይ ሞቶ ያውቃል? ሰው እኔን የሚፈልገኝ
እንቦጭ ፕሮፔለሩን አንቆት፣ ነፋስ ሲነሣ፣ ወደ ማታ ላይ፣
መሐል ቆሞ ነው። ያኔ ስልኩን ሲከፍት
እንየው አጠገብህ ነው ቢለው ካርታው፣
ጥገናው ይቅር፣ ልቡ አይመለስለትም?»

መልስ አልነበረኝም። ሕጉ ግን «በሩ ባለበት ይቁም» ይላል፤
ጎትቼ ከሾላው ሥር ተከልኩት፤ ውሃው ፈለጉን ወዲያው ከድኗል።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሲመሽ፣ ደወለልኝ ራሱ፤
ከጀርባው ነፋስ ይሰማል፣ የሞተር ሳል፣ የራሱም እስትንፋሱ።
«አንዱ ካርታው ላይ ጥገና ፈልጎ፣ ከካርታው ገጹን ከፍቶ ደወለ፤
ሞተሩ ጠፍቶበት ቆሟል፤ ስድስት ሰው ጭኛለሁ አለ።
የት ነህ ብለው፣ መብራታችሁ ይታየኛል፣ ሌላ አላውቅም ይለኛል።
ወጥቻለሁ፤ የባትሪውን ብርሃን ያወዛውዝልኛል።»
«አንተስ የት ደርሰሃል?» አልኩት። ሳቀ።
«ያቺ ነጥብሽ የነበረችበት» አለኝ፤
ኔትወርኩ እዚያ ላይ አለቀ።