የላታሞ ተራ

አሮጌው መናኸሪያ፣ ከባጃጆች ሰልፍ ዳር፣
ቀን ቀን ላታሞ ነው ተራ የሚያስከብር።
በአንድ እጁ ፊሽካ፣ በአንድ እጁ ደብተር፤
«አንተ ጫን፣ አንተ ቁም፣ አንተ ደግሞ ዙር።»
የሐዋሳ ፀሐይ አናቱን ሲበላው፣
ስድቡን እንደ ሳንቲም ቆጥሮ ሲቀበለው፣
ይውላል።

ማታ ግን፣ እዚያው ጀርባ፣ በአርጋታ ጥገና ቤት ጓዳ፣
ዓለም ካለቀች ወዲህ ያለ አንድ የጦር ሜዳ፤
አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማውስ ለሁለት፣
ፋኑ የሚያቃስት፣ ቁልፉ የወለቀበት።
አመድ ይዘንባል እዚያ። ውሃ በጥይት ይገዛል።
መሬቱ እንደ ማር ሰፈፍ በስድስት ጎን ተከፍሏል።
ካርታው ስም የለውም፤ እኛ አወጣንለት።
ለተሰበረው ማማ ታቦርን ሰጠነው፣
የተቃጠለውን አውቶቡስ ጥቁር ውሃ አልነው፣
የደረቀውን ጉድጓድ ግን፣ ሰፊውን፣ ባዶውን፣
ሐይቅ ብለን መጥራት አቃተን፤ ዘለልነው።

ወታደሮቻችን ደሞዝ የላቸውም፣ ስም ግን አላቸው።
የላታሞ አነጣጣሪ ዳንቺሌ ናት፣
አሞራ ገደል አሣ በምትበልተው ሴት ስም፣
ቢላዋ በማትደግም።
የኔው ባሻ ጦና ነው፣ በባንኩ ዘበኛ ስም፤
ከአሥር እርምጃ ላይ ግድግዳ አይመታም።

እዚያ ጦርነት ውስጥ መጋፋት አይሠራም።
አንዱ «ጨረስኩ» ሳይል ሌላው አይራመድም።
ጠላት በጉሙ ውስጥ፣ ቃታ ላይ ጣቱን አሳርፎ፣
ይጠብቃል እንደ ሰው፣ ተሰልፎ።
«አየህ?» ይላል ላታሞ፣ ጠረጴዛውን መትቶ፣
«ዓለም ጠፍቶም እንኳ!»

አንድ ማታ ባሻ ጦና አነጣጠረባት።
ዘጠና አምስት በመቶ፣ አለ ማሽኑ። ሳታት።
ማውሱን ወረወርኩት። ላታሞ አልሳቀም፦
«ዘጠና አምስቱን ተወው፣ እሱ የማሽኑ ነው፤
አምስቷ ናት ሰው የሚያልፍባት።»

ሚያዝያ ላይ፣ ማክሰኞ፣ ጨዋታው መሃል፣
ስልኩ ጮኸ። ወጣ። ሲመለስ «አስቀምጠው» ብሎኛል።
በማግስቱ ፊሽካውን ሌላ ልጅ ይነፋል።
ደላላው ነበር የደወለው፦ «ተራህ ደርሷል።»
በሞያሌ በኩል፣ ወደ ታች፣ ከስድስት ልጆች ጋር፤
ደብተሩን ትቶልኝ፣ ከነታርጋው ቁጥር።

ስክሪኑ ላይ ቀረ፦ የላታሞ ተራ።
ግንቦት፦ የላታሞ ተራ።
ሰኔ፣ ጎርፉ ጓዳው ድረስ ሲገባ፦ የላታሞ ተራ።
አርጋታ ሰለቸው፦ «ወይ አጥፋው፣ ወይ ለማሽኑ ስጠው፤
አንድ ቁልፍ ናት እኮ፣ በሱ ፈንታ ይጫወተው።»
አልሰጠሁም።
የሰው ሁሉ ተራ ሲያስከብር የኖረ ልጅ፣
የእሱ ሲደርስ ይዘለል? አልሆንም እኔ ያ እጅ።

ነሐሴ መጨረሻ፣ የማላውቀው ቁጥር።
ከጀርባው የፍሪጅ ድምፅ፣ የቆርቆሮ በር።
ስለ መንገዱ አላወራም። ስድስቱን ስጠይቀው
ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፣
«ዳንቺሌ አለች?»
«አለች።»
«ጥይቷስ?»
«ሁለት።»
«ከአውቶቡሱ ጀርባ አስገባት። እንዳትተኩስ።»
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ ያንተ ነው።» መስመሩ ተቆረጠ።

እንዳለው አደረግሁ። ጨረስኩለት።
ስክሪኑ ነቃ፣ አመዱ እንደገና ዘነበበት።
አሁን የኔ ነው።
ባሻ ጦና ከታቦር አናት ላይ ያያታል፤
ከአውቶቡሱ ጫፍ ትከሻዋ ብቅ ብሏል።
ዘጠና አምስት በመቶ።
ማውሱ በላቤ ረጥቧል።

ደጅ፣ በካፊያው ውስጥ፣ አዲሱ ልጅ ፊሽካ ይነፋል፤
«ተራው የማነው?» ይላል፣
«የማነው ተራው?»
ባጃጆቹ ሞተር አጥፍተው ቆመዋል።