በቆሎ ለማስፈጨት የመጣችው

ሽምብጥ፣ ወፍጮ ቤቴ፣ ቅዳሜ ረፋዱን፣
ሞተሩ ሲያጓራ፣ ብናኙ ሲያለብስ ጣራና ግንቡን፣
አንዲት የሰው አገር ልጅ ቆመች ከወረፋው፣
ፌስታል በቆሎ ይዛ፣ አንድ ኪሎ የማይሞላው።

«ዮርሄሊስ እባላለሁ» አለች። ምላሴ ላይ አልዞር አለ፤
ወረፋው በሙሉ ሊረዳኝ ስሟን እያኘከ ዋለ።

እህሉን ዳበስኩት። ተቀቅሎ የደረቀ።
«ልጄ፣ እንዲህ ያለ እህል ስንቱን ወፍጮ አነቀ!»
«እኛ ጋ ቀቅለን ነው» አለች ባልጠና አማርኛ፣
በባዶ እጇ አየር ላይ ቂጣ እየጠፈጠፈች ለእኛ።

እምቢ ልል ነበር። ሙሉጎጃም ከኋላ፣ ጤፏን ተደግፋ፣
«ፍጭላት» አለችኝ፣ «እኔ እቆያለሁ፤ ልጅቱ ለምን ትከፋ?»

ፈጨሁት።
ወፍጮ ቤቱ ንፍሮ ንፍሮ ሸተተ።
በሂሳቡ ላይ አንዲት የጥሪ ወረቀት አከለች፤
«ሐሙስ ማታ፣ ፔዳ አዳራሽ» ትላለች።

ሄድኩ። ኮቴን ባራግፍም ዱቄቱ ከጆሮዬ አልወጣም፤
ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ፣ የሚያውቀኝ ሰው አልመጣም።
ግድግዳው ላይ ባንዲራ፣ ስምንት ኮከብ ያለበት፤
ዊልመር የሚሉት ጓደኛዋ ጊታር ይዟል፣ አራት ክር ያላት።
ያቺ በቆሎዬ ቂጣ ሆና፣ ሆዷ በአይብ ተሞልታ፣
በትሪ ዞረች፤ ተማሪው ተጋፋ፣ ፎቶው በረታ።

ጥያቄም ተነሣ፦ «ነዳጅ ሞልቷችሁ ምነው ተሰደዳችሁ?»
አንዱ ቀበጥ ደግሞ፦ «በቁንጅና ስንቴ አሸነፋችሁ?»
ልትመልስ ስትል፣ ግድግዳው ላይ ሐይቋን ልታሳይ፣
ድርግም!
ፔዳ ጨለማ። ሽምብጥ ጨለማ። ጨለማ እስከ ዓባይ።

«ጄኔሬተሩስ?»
«ናፍጣ የለውም» አለ ጥበቃው ከደጅ።
ሳቀች። በጨለማው፣ ሆዷን ይዛ፣ እንደ ቤት ልጅ።
«አሁን ገና» አለች፣ «አሁን ገና አገሬን አሳየኋችሁ።
ስልካችሁን አታብሩ። እንዲሁ ሁኑ። ልንገራችሁ።»

ማራካይቦ የሚሉት ከተማ፣ እንደኛው ሐይቅ የተንተራሰ፣
ከሥሩ ነዳጅ እያለው ዕድሜውን በነዳጅ ወረፋ የጨረሰ።
(ከጎኔ አንድ ባለባጃጅ፣ በሹክሹክታ፣
«ስለኛ ነው እንዴ የምታወራው?»)
የእናቷ ማቀዝቀዣ በመብራት እጦት ሟሙቶ፣
ጎረቤቱ ሥጋውን ሳይበላሽ በአንድ ሌሊት ጠብሶ፣ በልቶ፣
«ያን ለት ደግሞ ጨፈርን» አለች፣ «ይሄንንም ስሙልኝ፤
እንባዬን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ጭፈራውንም ያዙልኝ።»

ወንድሟ ድስት አዝሎ ድንበር በእግሩ መሻገሩን፣
ሐይቁ አፍ ላይ ሌሊት ሌሊት መብረቅ ሲበርቅ ማደሩን፣
ነጎድጓዱ ሳይሰማ፣ ሰማይ ሲከፈት ሲዘጋ፣
ዓሣ አጥማጁ በዚያ ብርሃን ቤቱን ሲፈልግ እስኪነጋ።

«ታዲያ አንድ ዓመት» አለች፣ «ሐይቃችን አረንጓዴ ለበሰ፤
ውሃው የገባበት ጠፋን፤ ቀዛፊው ሣር አረሰ፣»
«እምቦጭ!» አለ አንድ ድምፅ ከጥግ።
የደምቢያ ልጅ መሆኑ ያስታውቃል።
«እም... ቦች» አለች ቀስ ብላ። «እዚህም ስም አለው?»
ማንም አልሳቀም። ሁሉም ያውቃል።
ዘሩ ይለያይ ይሆናል፣ እኔ ገበሬ አይደለሁም፤
ያን ዝምታ ግን ጣናም ዳር ቆሜ አልሰማሁም።

መብራቱ ሲመጣ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን።
የሐይቋ ፎቶ ግድግዳው ላይ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ሰኞ ሴቶቹ መጡ፦ «ዱቄታችን ሌላ ሌላ ይሸታል፤
ድንጋዩን አልጠረግህም፣ ጋሽ እንዳላማው፣ ምን ገብቶበታል?»
ጠርጌዋለሁ። ሁለቴ። ግን ከወንፊቱ ዓይን ቀርታለች፤
ሽምብጥን በየጓዳው እየዞረች ታድራለች።
«ይለቃል» አልኳቸው። ምን ልበል?

ቅዳሜ ረፋዱን ወረፋው መሃል ቆማለች።
ሚዛኑ ላይ አየሁት፦
ሁለት ኪሎ።