ዐሥራ አንድ ደቂቃ

የደመራው አመድ ገና ትኩስ ሳለ፣
ቢቸና፣ ረፋድ ላይ፣ ስልኬ አቃጨለ።
«አያ ሽባባው፣ ድረስ! ዲሹ ሥራ አቆመ፣
ሴትዮዋ ምስጢሯን ልታወጣ ስትል አፏ ተለጎመ!»

ባንቺአምላክ ናት። ጤፍ በኩንታል ገዝታ በኪሎ የምትሸጥ፣
ሚዛኗ ላይ ያረፈ ዝንብ ከሒሳቧ የማያመልጥ።
መሰላሌን አቆምሁ፣ መፍቻ በኪሴ፣ መዶሻ በእጄ፣
ወጣሁ ቆርቆሮዋ ላይ፣ እንደ ዓምናው፣ እንደ ካቻምናው፣ ውሸቴን ለምጄ።

የምን ውሸት? ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ዓመት፣ እውነቴን ነው፣ አላወቅሁም።
ብሎኑን ፈታሁት፣ ሳህኑን ወደ ምሥራቅ ገፋሁት፣ ደግሞ መለስሁም፤
ገመዱን ላጥሁ፣ ዓይኑን በሸሚዜ ጫፍ ወለወልሁ፣
«አሁንስ?» «የለም!» «አሁንስ?» «የለም!» ስባል ዋልሁ፤
ለካስ ደኅናውን ዲሽ ያጠፋሁት እኔው ነበርሁ።

በማግሥቱ መጋቢት ግን ያን ጥላ አየሁት፤
የዓይኑ ጥላ ነው፣ ሳህኑ ላይ ቀስ እያለ ሲንሸራተት፤
ሆዱ ላይ ሲያርፍ፣ ከታች ጩኸት።
ደግሞ አለፈ ጥላው። ምስሉ መጣ፣ ባንቺአምላክ ሳቀች፤
ብሎን አልነካሁም፣ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበረች።

ገባኝ።
ሳተላይቷ እንደ ችካል አንድ ቦታ ተተክላ
ዓመቱን ሙሉ በቀጭን ድምፅ ታወራናለች።
በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቀንና ሌሊት ሲተካከሉ፣
ፀሐይ ከጀርባዋ መጥታ ትቆማለች።
አትጋርዳትም። አትገፋትም።
እሷም ታወራለች እንጂ፤
በሁሉም ቻናል፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ያለ ቃል።
ቅዳሜ ገበያ መሐል ሹክ ያልኸው ሰው እንዴት ይሰማሃል?
አፍህ አልተዘጋ፣ ጆሮው አልደነቆረ፤
ጫጫታው በለጠህ፣ ወሬህ እዚያው ቀረ።

ቢበዛ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ነው፣ ለአንድ ሳምንት ያህል፤
ከዚያ ፀሐይ መንገዷን ትሄዳለች፣ ያለ ጠጋኝ፣ ያለ ብር።
ሁለት መቶ ብር ግን ሁለት መቶ ብር ነው፤ እንዴት ብዬ ልናገር?

እናም ሰዓቴን አይቼ እወጣለሁ፣
አንዱን ብሎን ፈትቼ፣ እሱኑ መልሼ አስራለሁ።
ሥራ እንዲመስል መዶሻ መጮህ አለበት፣
ዲሽ ደግሞ አይመታም፤
ስለዚህ ክረምት የነቀለውን ምስማር፣ ነፋስ ያነሣውን ቆርቆሮ
እየዞርሁ እመታለሁ፣ ጥላው እስኪያልፍ።
«መጣ! እጅህ ይባረክ!» ትለኛለች ከታች።
ምርቃቷ ከብሩ ይከብዳል።

ዘንድሮ አልቻልሁም። የመስቀል ዕለት ነው፣ ወርጄ ነገርኋት፦
«ፀሐይ ናት። እኔ የሠራሁት ነገር የለም። ሦስት ዓመት ዋሸሁሽ።»

ባንቺአምላክ ዝም ብላ የዱቤ ደብተሯን ገለጠች፤
ከመጨረሻው ገጽ፣ በእርሳስ፦
መስከረም ዐሥራ አምስት፣ አራት ሰዓት ከአርባ ስምንት፣ ስድስት ደቂቃ።
መስከረም ዐሥራ ሰባት፣ ዐሥራ አንድ ደቂቃ።
መጋቢት ሰባት፣ አምስት ሰዓት ከአምስት፣ ዐሥር።
ሁሉንም ሰፍራዋለች።

«ታዲያ ለምን ትጠሪኛለሽ?»
«ቆርቆሮ ሠሪው አምስት መቶ ይላል፣ ያውም ተለምኖ።
አንተ በሁለት መቶ ትመታልኛለህ፣ ያውም እያፈርህ።
የሚያፍር ሰው ምስማር አያጎብጥም።»

ቤት ውስጥ ድራማው ቀጥሏል፤ ሴትዮዋ ታለቅሳለች።
«ምስጢሩ ምን ነበር?» አልኋት።
«እኔን ትጠይቀኛለህ? ፀሐይን ጠይቃት፤
እሷ ናት የሰማችው።»

ብሩን እንቢ አልሁ።
ኪሴ ውስጥ ከተተችው፣
ሃምሳውን ቀንሳ።