ወደ መዝገበ ቃላት ጨምር

ከዋናው ፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከፎቶ ኮፒው ቤት ጎን፣
ሁለት በሦስት ቆርቆሮ፤ በሯ ላይ «ማመልከቻ እንጽፋለን»።
ወንበር ሁለት፣ አንዱ ሰባራ፤
ኮምፒውተር አንድ፣ ሆዱ ክፍት፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ የሚያጓራ።

እስካምና በተሰረቀ ፕሮግራም ነበር እንጀራዬ፤
«ፈቃድህ አልቋል» እያለ ያሳጣኝ ነበር ለባለጉዳዬ።
ሲራክ ነው የገላገለኝ፣ ቶነር ሞልቶ የሚያድረው ልጅ፤
ሊብሬ ኦፊስን በፍላሽ አመጣው፣ ቀለም በጠገበ እጅ።
«ስንት ነው?»
«ነፃ ነው» አለ።
መሽናት እንኳ በሚያስከፍልበት ከተማ ነፃ ነገር የት አለ?
«ማን ሠራው?»
«ብዙ ሰው። የማይተዋወቅ፣ በየአገሩ ያለ።»
«ደቦ ነዋ!»
«ደቦ ነው፤ ጠላ የሌለበት።»
ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ነፃ ያለው የዋጋውን ብቻ እንዳልነበረ፤
ዳኛ «ነፃ ነህ፣ ሂድ» እንደሚለው ነው፤ ጌታ የሌለው፣ ያልታሰረ።

መጀመሪያ ግን ተጣላን።
ሠንጠረዤ ወረዳ ሲደርስ እንደ ሰካራም ተወላገደ፤
ጸሐፊዋ «ይሄን የት አገር ጻፍከው?» አለች አምስት ሰው ፊት፤ ጆሮዬ ነደደ።
ፒዲኤፍ አድርጎ መላክን እስክለምድ፣ ስንቴ ተመላለስኩ!
መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር «ሰነድህን ላድንልህ?» ሲለኝ ግን
ቀስ በቀስ ታረቅኩ።

ሐምሌ ነበር። ሐሙስ።
ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ገቡ፣ ጃንጥላቸው እያንጠባጠበ፣
ወረቀታቸው በፌስታል፣ ፌስታሉ በነጠላ እንደተከበበ።
«ሣህሉ ሞተብኝ፤ ጡረታውን ከለከሉኝ» አሉ።
«በሞተበት ወረቀት በንጉሡ ሠ ነው፤
በተቀጠረበት በእሳቱ ሰ ነው፤
‹ሁለት ሰው ነው› አሉኝ።
ልጄ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገባሁት አንድ ሰው ነው።»

ጻፍኩ፦ ሣህሉ መኮያ። ከሥሩ ቀይ መስመር ተጠማዘዘ።
ጻፍኩ፦ ሳህሉ መኮያ። ከዚያም ሥር ያው ቀይ ተጓዘ።
ማሽኑ ሁለቱንም አያውቃቸውም፤ ቢያንስ አላዳላም።
መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ።
«እነሱም እንዲህ ነው ያሰመሩበት፣ በቀይ እስኪርቢቶ።»
«ይሄስ ስላላወቀው ነው እናቴ፤ ጥፋት አላየበትም ከቶ።»
«ታዲያ ንገረዋ።»

ስሙን በማውሱ ቀኝ ጫንኩት፤ ዝርዝሩ ወረደ፦ ወደ መዝገበ ቃላት ጨምር።
«በየትኛው ልንገረው? ጋሽ ሣህሉ ሲፈርሙ በየትኛው ነበር?»
ዝም አሉ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻውን አወራ።
ውጭ ወያላው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ተጣራ።
«ፊደል አልቆጠረም» አሉ ቀስ ብለው።
«ባውራ ጣቱ ነበር የሚፈርመው።»

ሁለቱንም ጨመርኳቸው።
ቀዩ ከሁለቱም ሥር ጠፋ።
አርባ ብር አልኩ፣ ለወረቀትና ለቀለም፤
ስሙን ማስተማሩ ሒሳብ ውስጥ የለም።

ቢሮው ምን እንደ ወሰነ አላውቅም። ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ አልተመለሱም፤
መልካም ይሁን ክፉ፣ ካለመመለስ አይነበብም።

ደንበኛ ሲጠፋ ያን መዝገብ ከፍቼ አያለሁ፤
ፕሮግራሙ የማያውቃቸው፣ እኔ አንድ በአንድ የነገርኩት ስሞች፣
በፊደል ተራ ተሰልፈው፦
መኮያ፣ ማንጠግቦሽ፣ ሣህሉ፣
ከታች ሳህሉ፣ ወርቅያንጥፉ፣ ጓንጉል።
ሁለቱ ሣህሉዎች አልተነካኩም።
በመካከላቸው አንድ ስም ብቻ ገብቷል፦ ረታ።
በመሬት ክርክር ነበር የመጣ፣ ባለፈው መስከረም፤
ይርታ አይርታ፣ እሱም ተመልሶ አልነገረኝም።